አሥራ አምስት ዓመት በላላ ክር

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አስቀድሜ የምናገረው የሚያውቁኝ ሰዎች ገና ሳያነቡት እንደሚስቁ ስለማውቅ ነው። ሠፈሩ ያወጣልኝ ስም ቀላማጅ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ነፋስ አንስቶ ወንዝ ማዶ ስለወሰደው ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ አውርቻለሁ፤ ጣሪያው አሁንም ቦታው ላይ እንዳለ የፈለገ ሄዶ ማየት ይችላል። እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምል እናቴ ድሮ ሞታለች። ስለዚህ በቀሩኝ በሁለቱ ዓይኖቼ እምላለሁ፤ ግራው ትንሽ ስለሚያስቸግረኝ በቀኙ ይበልጥ።

የምሠራው መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ነው። ጠራዡን ጋሼ ነው የምለው። እሱ ይሰፋል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ አጣብቃለሁ፣ አወራለሁ። ቤቱ መንገዴ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጎራ ብዬ አብረን እንወጣለን። ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። በሩን ላንኳኳ እጄን እንዳነሳሁ ከውስጥ የእህቱ ድምፅ «አልሄድም። ተጽፏል» ሲል ሰማሁና እጄ አየር ላይ ቀረ።   በሰው በር ላይ ቆሞ መስማት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለማውቅም ነው በጣም ቀስ ብዬ የተነፈስኩት።

«ምኑ ነው የተጻፈው?» አለ ጋሼ።

«ናና አንብበው።»

«መነጽሬን አላደረግሁም።»

«መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ነው።»

ይህን ጊዜ አንኳኳሁ። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ አባታቸው ትቶላቸው የሞተው። እሷ ባሏ ሲሞትባት፣ እሱ ሚስቱ ጥላው ስትሄድ፣ ሁለቱም ተመልሰው ገቡባት። ከውስጠኛው ክፍል እሷ ትተኛለች፣ ከውጭኛው እሱ፤ መሐል ላይ መጋረጃ አለ፣ መጋረጃውን የሰፋችው እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት፤ ከእሱ አምስት ዓመት ትበልጣለች፣ ልብስ ስፌት ላይ አርባ ዓመት ተቀምጣለች። የስፌት መኪናዋ አሁንም መስኮቱ ሥር አለ፤ ጨርቅ ለብሶ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ተሸክሞ። ሆዷ ውስጥ የሎሚ ያህል እብጠት አለ ብለዋታል ሐኪሞቹ፤ ሎሚው ብርቱካን ሳይሆን በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። አልጋ እስኪገኝ አምስት ወር ጠበቀች። ተራዋ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ተራዋን ካሳለፈች እንደገና ከሰልፉ ጭራ መጀመር ነው፤ ሎሚው ግን ሰልፍ አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ የአባታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ተከፍቶ ተኝቷል። ጀርባው ተገሽልጦ፣ ክሩ ተበጥሶ፣ መጽሐፍ ከመሆን ይልቅ የወረቀት ክምር ወደመሆኑ የተጠጋ ነገር ነው። እትዬ ጎህ ሲቀድ ተነስታ መጽሐፉን በጀርባው አቆመችና ለቀቀችው፤ ራሱ የተከፈተበትን አነበበች። አባታቸው ከባድ ነገር ሲገጥመው እንዲህ ያደርግ ነበር። የተከፈተው ኢሳይያስ ላይ፣ ሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ነው። ነቢዩ ወደታመመው ንጉሥ መጥቶ ትሞታለህና ቤትህን አሰናዳ ይለዋል። የገጹ የመጨረሻ መስመር ነው።

«እንደ አባባ» አለች።

በዚያ ቤት አባባ ከተነሳ ወሬ ያልቃል። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሐኪም አባታቸውን ትቀደዳለህ አለው። እሱም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያንኑ መጽሐፍ አቆመና ለቀቀው፤ እዚያው ገጽ ላይ ተከፈተ፤ አነበበ፣ ዘጋ፣ «እንግዲህ ቤቴን ላሰናዳ» አለ። ሐኪም ቤት አልሄደም። አራት ወር ሙሉ የሚያፈስ ጣሪያ አስጠገነ፣ በር ቀለም ቀባ፣ ብስክሌቱን ሸጠ፣ ከዚያ ሞተ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ጋሼ በትንቢት ላይ የከፈተው ጦርነት የተጀመረው ከቀብሩ ማግስት ነው ይላሉ የሚያውቁት። መጽሐፉን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ በእኛ መሳቅ ሳትጀምሩ አትቀሩም። ቆዩ። እኔ ጥራዝ ነጠቅ ነኝ፤ ጋሼ ደግሞ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ማንበብ ቀርቶ በአጠገቡም አልፎ አያውቅም።

«ትንቢት ማለት» አለ ጋሼ፣ ሻዩን ሳይጠጣ እያማሰለ፣ «ነገሩ ካለፈ በኋላ ዞር ተብሎ የሚገኝ ነው።»

«ጀመረህ ፈላስፋው።»

«ልጠይቅሽ። ሆሴዕ ልጄን ከግብፅ ጠራሁት ሲል ስለ ማን ነበር የሚያወራው? ድሮ ስለወጣ ሕዝብ! ስላለፈ ነገር! ማቴዎስ መጣና ያንን አንስቶ ለሕፃኑ አለበሰው። ዘካርያስ ስለ አንድ አህያ ሲናገር ማቴዎስ ሁለት አመጣ። አንድ ሰው በሁለት አህያ ላይ እንዴት አድርጎ ነው የሚቀመጠው?»

«አንተ ሳታምን መጽሐፍ ቅዱስ እየሰፋህ በሁለት ቢላዋ ስትበላ ማን ጠየቀህ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ዞር ብሎ አየኝና ወደ እሷ ተመለሰ።

«ደቀ መዛሙርቱ መምህራቸው ሞቶባቸዋል፤ አዝነዋል፤ ለምን ሞተብን ብለው አሮጌውን መጽሐፍ ፊታቸው ዘርግተው ፈለጉ፤ የፈለጉትን አገኙ። እምነቱ የመጣው ከዚያ ነው። በልክ የተሰፋ ልብስ ነው። በልክ የተሰፋ ልብስ ልክ ሆነ ተብሎ ይደነቃል?»

 እትዬ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ» አለች። «በልክ የሚሰፋው ሰውየው ስላለ ነው። በሌለ ሰው ልክ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አይቼ አላውቅም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ይህችን ይዞ ይሄድና ከሰዓት በኋላ መልሷን ይዞ ይመጣ ነበር። እንዲህ ነው የሚኖሩት። የቤት ኪራይ የለባቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ያላቸው ይህ ክርክር ነው። ያን ጠዋት ግን ሁለቱም የለበጣ የሚከራከሩ ነበር የሚመስሉት፤ ደክሟቸዋል። «ነገ ትሄጃለሽ» አለ እሱ። «አልሄድም» አለች።  እሷ አየችው፤ አንድ ነገር ይላል ብላ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው፤ እሱ ግን ምንም አላለም። የተበታተነውን መጽሐፍ ሰብስቦ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስፋልኝ ስትዪኝ ነበር፤ ዛሬ ልስፋው» አለ። «ስፋው» አለች ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ፤ «ለእኔ ባይደርስ ለሌላ ሰው ይሆናል።»

መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ዝምታ አልችልም፤ ስለ ዳቦ አወራሁ። የሠፈራችን ዳቦ ቤት በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምሮ ዳቦውን በሁለቱም ጊዜ አሳንሶታል፤ በዚህ ከቀጠለ በወሩ መጨረሻ ዳቦ በመርፌ ቀዳዳ አሹልኮ ይሸጥልናል አልኩ። አልሳቀም። ኪሎ ሙጫ አምና በሰባ የገዛነው ዘንድሮ መቶ አርባ መግባቱን፣ የክር ሻጩ አንድ ዓይነት ክር በሁለት ስም እንደሚሸጥ አወራሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዞ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል።

ሥራ ቤታችን ከፎቅ ደረጃ ሥር ያለች አንድ ክፍል ናት። ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ስለሚያዘቀዝቅ ጥግ ላይ ያለው የወረቀት መቁረጫ ጋ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጎንበስ ብዬ ቁመቴ በሦስት ጣት አጥሯል። ግድግዳውን የሞላው የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመዝገብ ቤት መዝገብ፣ የተበጠሰ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ጋሼ ያለውን እውቀት ሁሉ ያገኘው እዚህ ነው፤ ያውም በልዩ መንገድ። መጽሐፍ የሚሰፋው እየታጠፈ ነው፤ አሥራ ስድስት ገጽ አንድ እጥፍ ይሆናል፣ መርፌው የሚገባው የእጥፉ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ጠራዥ ሲሰፋ ፊቱ የሚዘረጋው መሐለኛው ገጽ ብቻ ነው። ጋሼ አርባ ዓመት ያህል እነዚህን መሐል ገጾች ሲያነብ ኖሯል። የማንኛውንም ነገር መሐሉን ይነግራችኋል፤ እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንዳለቀ ግን አትጠይቁት። የሆሴዕንም፣ የሁለቱን አህዮችም ነገር ያገኘው ከአንድ የነገረ መለኮት ተማሪ ጽሑፍ መሐል ነው። ተማሪው በቀጣዩ ገጽ ምን ብሎ እንደደመደመ አያውቅም።

እኔም በዚህ ክርክር ውስጥ የራሴን ጠጠር ወርውሬአለሁ። አንድ ጊዜ ዕንባቆም ውስጥ አገኘሁት ብዬ በር ስለሌለው ቤትና ስለ አንድ አንካሳ በቅሎ የሚናገር ትንቢት ነገርኳቸው፤ የፈጠርኩት መቁረጫው ላይ ቆሜ ነው። እትዬ ሰምታ ትንቢቱ እንዴት እንደተፈጸመ በሦስት መንገድ አስረዳችኝ። ጋሼ በበኩሉ ከድርጊቱ በኋላ የተጨመረ መሆኑን በአራት ማስረጃ አፈረሰው። ሁለት ሳምንት ተከራከሩበት። ዕንባቆም ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ አንዳቸውም ገልጠው ለማየት አልቸኮሉም። በኋላ ሲደርሱበት ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱብኝ፤ በሕይወታቸው የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ያን ጠዋት ጋሼ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ወደ ጎን ገፍቶ የአባቱን መጽሐፍ ፊቱ አኖረ። አሮጌውን ክር በምላጭ እየበጠሰ፣ የደረቀውን ሙጫ እየፋቀ፣ እጥፎቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረ። ስልሳ አራት እጥፍ። እኔ ካርቶን እየቆረጥኩ ነበር። መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም፤ የምላጩ ድምፅ ጠፍቶ ነው ቀና ያልኩት። ሁለት እጥፍ በሁለት እጁ ይዞ አንዴ ወደ ግራው፣ አንዴ ወደ ቀኙ ያያል።

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ና እየው።»

ሄድኩ። በግራው የያዘው በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ በዚያች ትሞታለህ በምትለው መስመር ያበቃል። ቀጥሎ ተሰፍቶ የነበረው፣ በቀኙ የያዘው፣ ከሃምሳ ሰባተኛው ምዕራፍ ይጀምራል። እውነተኛው ተከታይ ከእሱ በኋላ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ወዲያ ነው ያለው። ሁለት እጥፎች ቦታ ተለዋውጠው ተሰፍተዋል። ጠራዥ እንዲህ ዓይነት ስሕተት እንዳይሠራ የገጽ ቁጥር ያያል። በዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ቁጥር የለም፤ ጠርዙን ያስተካከለው ሰው ምላጩን አብዝቶ አስገብቶት የገጾቹን ቁጥር አብሮ ቆርጦ ጥሏል።

«የትኛው አህያ ነው የጠረዘው?» አልኩ።

«እኔ» አለ ጋሼ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሙያውን በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ በራሱ እጅ የሰፋው የመጀመሪያ መጽሐፍ፤ ለአባቱ የሰጠው ስጦታ። አባቱ ለጎረቤት ሁሉ እያዞረ አሳይቶታል። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ትክክለኛውን እጥፍ አንስቶ ማንበብ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስላነበበ እኔም ሰማሁ። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፣ አለቀሰ፣ ለመነ፤ ነቢዩ ተመልሶ መጣ፤ ጸሎትህ ተሰምቷል፣ በዕድሜህ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተጨምሯል አለው። ጋሼ አሥራ አምስት የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ጣቱን ቃሉ ላይ አኖረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ስልሳ አንድ ሲደመር አሥራ አምስት እያለ ነው።

«ሌላኛውንስ አየኸው?» አለ ቆይቶ። «እኔ ያለቦታው የሰፋሁትን? ጻድቅ ሰው ይሞታል፣ ልብ የሚለውም የለም ነው የሚለው መጀመሪያው። ትሞታለህ ይላል፣ ገጹን ትገልጠዋለህ፣ ጻድቅ ይሞታል ይልሃል። እንዴት እንደሚገጥም አየህ? አንድ ደደብ ልጅ በስሕተት አቀያይሮ የሰፋው እንኳን ይገጥማል።» ለሠላሳ ዓመት የሚፈልገውን ማስረጃ አገኘ፤ በአገኘው ማስረጃ ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር። «መጽሐፍ የሚከፈተው በላላበት በኩል ነው። ያንን ቦታ ገና ያኔ አላልቼ ሰፍቼው ይሆናል፤ ስለማላውቅ። አባባ ባቆመው ቁጥር እዚያው የሚከፈተው ለዚያ ነው። እግዚአብሔር አይደለም። እኔ ነኝ።»

እንግዲህ እኔ ሰው ሲያዝን ዝም ማለት ስለማልችል ነው ቀጥሎ ያለውን የተናገርኩት። «ታዲያ ጋሼ፣ አሁን ታውቃለህ» አልኩ። «አስተካክለህ ስፋውና አሥራ አምስት ዓመት የሚለው ጋ ክሩን አላላው። ማታ ታቆመዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ራሱ ይከፈታል። ነገ በሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት ናት።»

እንደ እብድ ነበር ያየኝ። «እኔ?» አለ። «እነዚያን ሰዎች ትንቢት አስተካክለው ሰፉ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስከስ የኖርኩ ሰውዬ? ውጣ! ውጣልኝ ከዚህ!» ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ፤ በሦስት ጉርሻ አለቀ። ስመለስ እየሰፋ ነበር። እጥፍ ያነሳል፣ መሐሉን ይከፍታል፣ መርፌ ያስገባል፣ ይጎትታል፣ ያጠብቃል። ካርቶኔን መቁረጥ ቀጠልኩ። ኢሳይያስ ጋ ሲደርስ ፈጠን ብሎ አየኝና እኔ ወረቀት የምቆጥር መሰልኩ። ክሩን ጎተተ፤ አላጠበቀውም። ቀጣዩንም አላጠበቀውም። ከዚያ ገጹን ገልጦ እጥፍ በሚተኛበት የአጥንት መጫኛ ከላይ እስከ ታች አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዳመጠው፤ ገጹ ተኝቶ እንዲቀር።  ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ አምፖል ሥር እንዲደርቅ አኖረውና እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ ሙጫ ከሚያስለቅቀው በላይ ቆየ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባን። እኔ ምን እንደሚያስገባኝ ማንም አልጠየቀኝም። ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ትገባ ነበር። እትዬ የሚታጠፍ ልብስ ሁሉ አጥፋ ጨርሳ፣ የሚታጠፍ አጥታ ተቀምጣለች። ጋሼ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። አዲሱን ልብሱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለች። ከዚያ በጀርባው አቆመችና ለቀቀችው። ገጾቹ ግራና ቀኝ ወደቁ። እሱ ግድግዳ ያያል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። እትዬ ገጹን አየት አደረገችው እንጂ አላነበበችውም። መጽሐፉን ዘጋችና አውራ ጣቷን በጀርባው መጋጠሚያ አስገብታ፣ የልብስ ስፌት እንደምትመረምር፣ ከላይ ወደ ታች አስኬደችው።

«እዚህ ጋ ክሩ ላልቷል» አለች።

«ሲደርቅ ይጠብቃል» አለ ጋሼ።

«ክር ሲደርቅ ይጠብቃል? ለእኔ ነው ይሄን የምትነግረኝ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ምን አጠፋሁ እትዬ? እኔ ካርቶን ነው የምቆርጠው» አልኩ።

ጋሼ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ዕቃ ቆጥሮ በሚያስረክብ ሰው ድምፅ። ሁለት እጥፍ አቀያይሬ ሰፍቼ ነበር አለ። የገጹንም ቁጥር እኔ ነኝ የቆረጥኩት አለ። አባባ የቀረውን ሳያነብ የቀረው በእኔ ነው፣ የሞተውም በእኔ ነው አለ። ከዚያ የሚጨምረው ሲያጣ መነጽሩን አውልቆ ያዘው።

«ተቀመጥ» አለች እትዬ። አልተቀመጠም። «ተቀመጥ እንጂ! የንጉሡን የሕዝቅያስን ታሪክ አባባ አያውቅም ብለህ ነው? እኔን በሰባት ዓመቴ በቃሌ ያስጠናኝ ማን ሆነና? አሥራ አምስት ዓመቱን፣ በእብጠቱ ላይ የተለጠፈውን በለስ፣ ወደ ኋላ የተመለሰውን ጥላ ሳይቀር ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን…»

«ፈርቶ ነዋ። ቢላዋውን ፈርቶ። ፈራሁ ብሎ ለልጆቹ መናገር አፍሮ። መጽሐፉ ሲከፈትለት እፎይ ነው ያለው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። አንተ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።»

ጋሼ ተቀመጠ። «ገጹ ያለቦታው መሆኑንስ?»

«ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ አየሁት። ምን ብዬ ልንገርህ? ሃያ አራት ዓመት አልሞላህም። ስንት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስ ብለህ ነበር።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት። እኔ አንዲት ምስጢር ይዤ የቆየሁት ረጅሙ ጊዜ ከቤታቸው እስከ ዳቦ ቤቱ ነው።  «አንቺስ?» አለ ጋሼ። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ጠዋት ለምን ግማሹን ጠቀስሽልኝ?»

«‹የቀረውስ?› ትለኛለህ ብዬ ነዋ» አለች፤ ድምጿ ላይ ቁጣ ለማድረግ ሞክራ አልሆነላትም። «ግማሹን አምጥቼ ፊትህ አኖርኩት። ሌላ ጊዜ ከአፌ ነጥቀህ ትከራከረኝ የለ? ፈራሁ ብልህ ዝም ነው የምትለው፤ አውቅሃለሁ። በአባባም ጊዜ ዝም፣ ሚስትህ ስትሄድም ዝም። ትንቢት ስጠቅስብህ ብቻ ነው የምታወራኝ።»

መጋረጃው በነፋስ ትንሽ ተነሳና ተመለሰ። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበው፤ ላላው ቦታ ላይ ተከፈተለት። «እንግዲህ ትንቢት ነው ካልሽ» አለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «ነቢዩ ትሞታለህ አለ፤ ሰውየው አልሞተም። በዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የፈረሰው። ነቢዩ ራሱ የተሳሳተውን አንቺ ምን ቤት ነሽ የምትፈጽሚለት?»

«አልተሳሳተም። ተለመነና ተለወጠ።»

«የሚለወጥ ከሆነ ትንቢት አይደለም።»

«የማይለወጥ ከሆነ መለመን ምን ያደርጋል?»

«ይኸው! ይኸው እሱን ነው የምልሽ! እንግዲህ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። የተጻፈ ከሌለ ነገ የማትሄጂበት ምክንያት የለሽም።»

እትዬ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መልስ ስታጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ ማጣት ፈልጋ ይሆናል። ከዚያ ጋሼ፣ ወደ መጽሐፉ እያየ፣ ከገጹ ላይ እንደሚያነብ ሰው፣ «እኔም ፈርቻለሁ» አለ።

 ፀሐይዋ ከስፌት መኪናው ላይ ወርዳ ወለሉ ላይ ደርሳለች። ጎረቤት ያለ ሰው ባልዲ ጎተተ።

«ስንት ሰዓት ነው ያሉት?» አለች እትዬ፤ እያወቀች።

«ሁለት ሰዓት።»

«አንድ ሰዓት ላይ እንውጣ እንግዲያው። አንተ ስትራመድ ታዘግማለህ።» ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ስመለስ ኢዮብ ላይ እንጀምራለን። እስከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብበው፤ መሐል መሐሉን እየለቃቀምክ አትምጣብኝ።»

«እሺ» አለ ጋሼ። እሺ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ እኔም ቀስ ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በዓይኖቼ ስለማልኩና ቀኙን ማጣት ስለማልፈልግ አንድ ነገር ልናገር። እጇን ያዘ ያልኩት ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እጅ የሚይዝ ሰው አይደለም፣ እሷም አታስይዝም። እኔም አልወጣሁም፤ በሩ ጋ ተገትሬ ነበር። ያደረገው ሌላ ነው፤ ታሪክ ላይ አያምርም ብዬ ነው የለወጥኩት። መጋረጃውን ገልጦ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋዋ ሥር ያለውን የላስቲክ ነጠላ ጫማዋን አወጣ፣ አፈሩን በእጁ ጠራረገው፣ በፌስታል ጠቀለለና ለሐኪም ቤት ካዘጋጀችው ሻንጣ ውስጥ፣ ቶሎ እንድታገኘው ከላይ በኩል አኖረላት።